ኮንጎ ጫማ

ስምንት ክረምት ሙሉ ከእሱ ጎን ሳድር፣
ኮንጎዬ ከእግሬ ጋር፣ ጆሮዬ ከበር።
(ስሙን አልጠራውም።)
ሞላሌ ውርጭ ነው፤ እህቴ ስትጠይቅ
«እግሬን ይበርደኛል» ብዬ ነው የምስቅ።

እውነቱ ግን ወዲህ፤
ጠጥቶ ሲመለስ ማታ ከገበያ፣
በጨለማው ዘልዬ የምወጣበት ያ
የጓሮ በር ነበር፤ እሾህም አለበት፣
ባዶ እግር አይሮጥም ውርጭ በጣለበት።

ኮንጎውን እራሱ ነው የገዛልኝ፤ ያኔ
በተጋባን ወር ውስጥ፣ «ይመችሽ፣ ዓይኔ»
እያለ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጭቃ ላይ ለክቶኝ።
ደግ ቀን ነበረው። ይሄም ነው የጎዳኝ።

ሽማግሌ መጣ። ሦስት ጊዜ መጣ።
ጠላው ተቀዳለት፣ ምርቃቱን አወጣ፤
«ታገሺ ልጄ ሆይ፤ ትዳር ነው፣ ያልፋል፤
አብሮ ሲቀመጥ እንስራም ይጋጫል።
እግዜር ያጣመረን ሰው አይለየውም።»
እኔም አጎነበስኩ፤ «አዎ፣ አይለየውም።»
ጥርሴን በምላሴ ቆጠርኩ በዝምታ፤
አንዱ ጎድሎ ነበር ከትናንትና ማታ።

ፍቺው ተፈረመ። ማኅተም ተመታ።
ደብረ ብርሃን ገባሁ በአንድ ሐሙስ ማታ።
ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ክር ማጠንጠኛ ላይ
ቆሜ እውላለሁ፣ ቀና ሳልል ወደ ላይ።
ለሰው ሙቀት ሠርቼ ቤቴ ስገባ ግን
አልጋ ላይ ወጣለሁ ሳላወልቅ ኮንጎዬን።
«ማንም የለም እኮ!» ትላለች የውብዳር።
አውቃለሁ፤ እግሬን ነው ማስረዳት የሚቸግር።

ለኅዳር ጽዮን ነው ጻድቃኔ የወረድኩ።
ጣርማ በርን አልፌ፣ በመዘዞ ዞርኩ፤
ከሰላ ድንጋይ ወዲያ፣ ቁልቁል፣ ከሰው ጋራ፣
በጭጋግ ውስጥ ሄድኩኝ እየተጠራጠርኩ፣ እየፈራሁ።
ጠበሉ በረዶ። ሌላው ይጮኽ ነበር፤
እኔም ልጩህ ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አለ አገር።
ምንም አልወጣልኝ። ከንፈሬ ጠቆረ፤
ገላዬ ላይ ብርድ ብቻ ነው የሰፈረ።
«እኔን ረሳኸኝ ወይ?» አልኩት እያፈርኩኝ፤
ኮንጎዬን አጥልቄ ወደ ደጁ ወጣሁኝ።

ቅዳሴ ሊገቡ፣ ከደጀ ሰላሙ
ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ሲሳለሙ፣
እኔ ቆሜ ቀረሁ። እጄ ወደ እግሬ ሄዶ
ተመለሰ ባዶ።

አባ ኅሩይ የሚሏቸው፣ ዐይናቸው የደከመ፣
ጫማ ጠባቂ አባት፣ ጎናቸው የታመመ፣
አዩኝ። አልመከሩም። ቦታ ለቀቁልኝ።
ከምን እንደጀመርኩ ዛሬም አይታወሰኝ፤
ሁሉን ነገርኳቸው። ጥርሱን ሳይቀር። በሩን።
«ታገሺ» እንዲሉኝ ጠበቅኩኝ፣ ያንኑን።
ዝም አሉ። ቆይተው በመቋሚያቸው ጫፍ
አፈር እየጫሩ፣ ቃል እንደሚጽፍ ጸሐፍ፣
«እግዜር ያጣመረው ሁለት ሰው ነው እንጂ፣
ጡጫን ከጉንጭ ጋራ አጣምሯል ወይ፣ ልጄ?»
አሉና ዘረጉ የሚንቀጠቀጥ እጅ፤
«ጫማሽን ስጪኝማ። ሙሴም በዚያ ደጅ
አውልቆ ነው የቀረበ። እኔ እጠብቀዋለሁ፤
መሮጥ ቢያምርሽ ውጪ፣ በር ላይ አቀብልሻለሁ።»

ሳቅኩኝ። ከሳቁ ሥር ልቅሶው ተከተለ።
ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፤ እግሬ ግን ቻለ።
አልሮጥኩም።

ተፈወስኩ አልልም። ያ ጥርስ አልበቀለም፤
ቅዳሜ ሲመሽ ልቤ ዛሬም አላረፈም።
በቀደም ለጸሎት ስም ጻፉ ሲሉን፣
«ወለተ ኪዳን» ብዬ ጻፍኩና የኔን፣
ከሥር የእሱን ጀመርኩ፤ «ኃይለ» ላይ ስደርስ
እጄ እምቢ አለኝ። የቀረውን እሱ፣ የሚያውቀው ይጨርስ።

ትናንት ማለዳ ግን የውብዳር ተነሥታ
ኮንጎዬን አየችው በሩ ሥር፣ ያለቦታ።
አልቀሰቀሰችኝም። ውርጭ ነበር ሌሊቱ፤
በብርድ ልብሱ ብቻ፣ እጄ ባለበቱ፣
ባዶ እግሬን ሸፍና ወደ ሥራ ሄደች።
ስነቃ ፀሐይዋ እግሬ ጫፍ ደርሳ ነበረች።